የአህያዋ ሁለት ስሞች

ፔርፔቱዋ በጨው ውሃ የነከረችውን ጨርቅ በአህያዪቱ ትከሻ ላይ ገና ከማሳረፏ፣ እንስሳዪቱ ዞር ብላ ባልዲውን በጉልበቷ ደፋችው።

«ኧረ ቁሚ፣ ፌሊሲታ! ዛሬ ምን ነካሽ? ትናንት እንደ ምእመን ቆመሽ ታጥበሽ የለም እንዴ?»

አህያዪቱ አልሰማቻትም። ሁለት ጆሮዎቿ ወደ ግቢው በር ተቀስረዋል። ከበሩ ውጭ አንድ ሽማግሌ ከዘበኛው ከአዙሬ ጋር ይነጋገራል። ቃሉ አይለይም፤ የሚሰማው ሻካራና ዝግ ያለ ድምፁ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ከፍ ባለ ጊዜ አህያዪቱ አንገቷን ዘርግታ አናፋች። ወደዚህ የእንስሳት መጠለያ ከገባች ጀምሮ፣ ቁስሏ ሲታጠብም ሆነ መርፌ ስትወጋ፣ ድምፅ አውጥታ አታውቅም ነበር። ፔርፔቱዋም በመንገድ የደረሰባት መከራ ድምፅዋን ነጥቋታል ብላ ታዝንላት ነበር።

አህያዪቱ ሌቦች ከየመንደሩ ሰርቀው፣ ለቆዳቸው ሊያርዷቸው በጭነት መኪና አጭቀው ሲያጓጉዟቸው ፖሊስ ካስጣላቸው አህዮች አንዷ ናት። የሌሎቹ ጉዳት የመኪናው ነበረ፤ ፈጥነው አገገሙ። የእርሷ ግን ከመኪናው በፊት የነበረ ነው፤ ቀንበር የበላው ትከሻ፣ በላዩም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተለቀለቀበት። ፔርፔቱዋ ያን ጥቁር ዘይት ከቀይ ሥጋ ላይ በጣቷ እየለቀመች ባወጣችበት ቀን የማታውቀውን ባለቤት ረገመችው። ከዚያም ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቁስሉን ስታጥብ እርግማኑን ትደግመዋለች፤ እርግጥ የጠዋት ጸሎቷን ካደረሰች በኋላ ነው። ለአህያዪቱም፣ በቅዳሴ ከራሷ ስም ጋር አብሮ የሚጠራውን የሰማዕቷን የፌሊሲታን ስም አውጥታላታለች።

«እኅቴ ፔርፔቱዋ!» ብሎ ተጣራ አዙሬ ከበሩ። «እንግዳ አለሽ! እንደኔው የፍራፍራ ሰው ነው!»

«እንግዲያው ውሾቹን ቶሎ ደብቃቸው!»

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከሲታ፣ ረጅም፣ የተጣፈ ሰፊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ በክንዱ ላይ የተጠቀለለ ገመድ አንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ እየዘለቀ፣ «ዳጋራ ነሽ ማለት ነው?» አላት። «በገበያ ‹ከቦልጋታንጋ ከተማ ወጣ ብሎ የሰው ውሻ የሚያሳድጉ ደጋግ ሰዎች አሉ› ሲሉኝ ገርሞኝ ነበር። ለካ የሚያደልቡ ናቸው!»

«እኛማ እግሩን ነው የምንበላው፣ አባቴ። ጭንቅላቱን ሰርቀው የሮጡት የእርስዎ አያት ናቸው።»

«አያቴ አልሮጠም። የእናንተ ሰው እየበላ እንቅልፍ ስለወሰደው፣ እንዳይባክን ብሎ አነሣው።»

የፍራፍራና የዳጋራ ነገዶች አያቶች በአንድ የውሻ ጭንቅላት ተጣልተው ነበር ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ልጆች በተገናኙበት መዘላለፍ ሥርዓት ሆኖ ኖረ። በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ይሰዳደባሉ። የተቆጣ ግን እርሱ ይቀጣል፤ ዘለፋው የዝምድና ማኅተም ነውና።

ፔርፔቱዋ ሽማግሌውን ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠችው፤ የማሽላ ዱቄት በውሃ በጥብጣ በቅል አቀረበችለት። እንግዳ ይህን ሳይጠጣ የመጣበትን አይጠየቅም። እርሱም ሳይቸኩል ጠጣ፤ አፉን ጠረገ፤ ስሙ አኮልጎ እንደሚባል ነገራት። ከሣር አጥሩ ጀርባ አህያዪቱ መሬቱን በኮቴዋ ትመታለች።

«አህያ ነው የምፈልገው» አለ በመጨረሻ። «ሌሊት ከበረቴ ፈትተው ወሰዱብኝ። ግራጫ ናት፣ ሆዷ ነጣ ያለ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተሰነጠቀ። ስሟ ‹ምቀኛ ይድከም› ነው።»

«ይህ የአህያ ስም ነው ወይስ የጎረቤት ስድብ?»

«ሁለቱንም ነዋ! እርሷን በጠራሁ ቁጥር ጎረቤቴም መልእክቱ ይደርሰዋል። ደግሞ እርሱም ውሻውን ‹ድሃ ሲኮራ› ብሎ ሰይሟል፤ ማታ ማታ እንጠራራለን።»

ፔርፔቱዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና፣ በልመና ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምቀኛ ይድከም» አለ።

አጥሩ ተንቋቋ። አህያዪቱ የሣሩን ግድግዳ በደረቷ ገፍታ ወጣች፤ ባልዲውን ረግጣ፣ ዶሮዎቹን በትና መጣችና ግንባሯን በሽማግሌው ደረት ላይ አሳረፈች። እርሱም አገጩን በራሷ ላይ አድርጎ ዓይኖቹን ጨፈነ። «አለሽ» አላት። «አለሽ እኮ። ቆዳሽ ባሕር ተሻግሯል ብዬ ነበር።» እንስሳዪቱ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ሸሚዙም በትንፋሿ ተነፋ።

ፔርፔቱዋ የምታየው አስደሰታት፤ ወዲያውም አስቆጣት። በሐሳቧ ስትረግመው የኖረችው ሰው ዱላ የያዘ፣ ዓይኑ የቀላ፣ ምሕረት የማያውቅ ሰው ነበር። ይህን ሰው አልጠበቀችውም።

አኮልጎ ገመዱን ከክንዱ መፍታት ጀመረ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ያዳነሽልኝን ነፍስ እርሱ ይቁጠርልሽ። አሁን ከነጎድኩ ከመምሸቱ በፊት ቤቴ እገባለሁ። ዝናቡ ወርዷል፤ ጎረቤቶቼ አርሰው ዘርተዋል። ነገ ካላረስኩ ቀድሞ የሚደርሰው ማሽላ አይደርስልኝም።»

«እርሻውን የሚያግዝዎት የለም?»

«ልጄ ወርቅ ሊቆፍር ወደ ደቡብ ወርዶ ቀረ። ምራቴ አራስ ናት። ከእርሷ ጋር ሕፃናቱና እኔ ነን። የአምናው እህል ወደ ጎተራው ግርጌ ወርዷል፤ ልጆቹ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነው የሚጠርጉት።»

«አባቴ፣ ገመዱን ትንሽ ያቆዩት» አለች ፔርፔቱዋ። «ይህ ቤት ሕግ አለው። ያቋቋመችው መነኩሲት፣ ነፍሷን ይማርና እናት ሶፊያ፣ ያኖረችው ሕግ ነው። ወደዚህ ግቢ የገባ እንስሳ አይሸጥም፣ አይታረድም፣ ቁስሉ ሳይሽርም ቀንበር አይጫንበትም።»

«ቁስል? ምን ቁስል? ከመኪናው ነው?»

እርሷም በአህያዪቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጠች። «ይህ የመኪና ቁስል አይደለም። የቀንበር ነው። ከፖሊስ ስንረከባት በላዩ የሞተር ዘይት ነበረበት።»

ሽማግሌው ጎንበስ አለ። ዙሪያው መጥገግ የጀመረው፣ መካከሉ ግን ገና እርጥብና ቀይ የሆነውን ቁስል ተመለከተ። እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካ መለሰው። ሲናገር ድምፁ ያረጀ መሰለ።

«ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዝንብ እንዳያርፍባት ብዬ። ከመኪና ጠጋኙ ለምኜ ነው ያመጣሁት። አባቴም በሬዎቹን እንዲያ ያደርግ ነበር።»

«ዘይቱ ነው ያበሰበሰው፣ አባቴ። ቁስሉን አፍኖ ከውስጥ በላው።»

«ከላይ ሲጠቁር የዳነ መስሎኝ ነበር። ከቀንበሩ ሥር ትከሻዋ ላይ የሚያርፈው የድሮው ማነገቻዋ በጥጥ የተሞላ ነበር። ምስጥ በላው። ከዚያ ከመኪና ጎማ ቆርጬ ሠራሁላት። ስትጎትት ትቆም ነበር። ‹ሰነፍሽ› እላታለሁ።»

ፔርፔቱዋ ለዚህ ሰው ያዘጋጀችው ቃል በአፏ ሞልቶ ነበር። በየጠዋቱ ስትስለው ስለኖረች ስለት አውጥቷል። ሊወጣ ሲል ግን፣ እናት ሶፊያ ሕጓን በተናገረች ቁጥር ታስከትለው የነበረው ሌላ ቃል ትዝ አላት። «ቁስሉን እጠቡ እንጂ ባለቤቱን አትዝለፉ» ትል ነበር መነኩሲቷ። «ዛሬ ያሳፈራችሁት ሰው ነገ የታመመ እንስሳውን ይደብቅባችኋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ከእጃችሁ ይወጣሉ።» ፔርፔቱዋ ለሚመጣው ጎብኚ ሁሉ የመጀመሪያውን ታስረዳለች፤ ይህን ሁለተኛውን ግን ከመነኩሲቷ ቀብር ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ለእንስሳ መራራት ቀሏት ነበር፤ እንስሳ አይዋሽም፣ አያመካኝም። ቁስሉን ያቆሰለውን እጅ ይዞ ማከም ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ቃሉን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው። ባልዲውን አንሥታ ውሃ ሞላች፤ ጨው በተነችበት፤ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ ለሽማግሌው ሰጠችው።

«ከዳር ወደ መካከል አይምጡ፤ ከመካከል ወደ ዳር። እንደሱ። አይጫኑት።»

«ያማታል?»

«ይቆጠቁጣታል። ግን እርስዎን አትረግጥም።»

አኮልጎ አጠባት። ትላልቅ፣ በመጥረቢያና በዶማ የሻከሩ እጆቹ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው እጅ ቀለሉ። ከቁስሉ ዳር የቀረች አንዲት ጥቁር ቅባት አግኝቶ በጥፍሩ ሳይሆን በጨርቁ ጫፍ ደጋግሞ አረጠባት፤ በለቀቀች ጊዜ ለረጅም ጊዜ አያት። አህያዪቱ አንድ እግሯን አሳርፋ፣ ጆሮዎቿን ጥላ ቆማለች። ፔርፔቱዋ ማር በሣህን አመጣች፤ እርሱም በቁስሉ ላይ ቀባ።

«ማር ለአህያ!» አለ። «ይህን በመንደሬ ብናገር አብዷል ይሉኛል።»

«ከዳጋራ ተማርኩት ይበሏቸው።»

«ያን ጊዜማ ማበዴን ያረጋግጣሉ።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ሽማግሌው እጁን ታጥቦ ከተነሣ በኋላ ግን ገመዱን መልሶ በክንዱ ላይ ጠቀለለው።

«ትቅር» አለ። «እስክትድን እዚሁ ትቆይ።»

ፔርፔቱዋ የጠበቀችው ልመና ነበር፤ ለልመናም መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለዚህ አላዘጋጀችም። «በየገበያው ቀን እየመጡ ቁስሏን ይጠቡላት» አለችው ቀስ ብላ። «ስትሽር በጥጥ የተሞላ ማነገቻ ይዘው ይምጡ፤ እኔ በእጄ ዳስሼ አየዋለሁ። ያን ጊዜ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

«ጥሩ ነው።»

«እርሻውስ?»

«እግዜር ያውቃል። በዶማ እሞክራለሁ።» ወገቡን እንደ ዋዛ በእጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ከዚያም ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ፣ አህያዪቱ እንዳትሰማው ይመስል በሹክሹክታ፣ «ግቢው ሌላ በር አለው? በዚህ በኩል ስወጣ ካየችኝ ልትከተለኝ ትሞክራለች። አጥሩን ደግሞ አይተሽዋል» አላት።

ፔርፔቱዋ የኋላውን በር በጣቷ አመለከተችው። እርሱም በአጥሩ ጥግ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ሄደ። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ መጥቷል። የመጠለያው ኃላፊ ወደ ታማሌ ከተማ ሄዷል፤ ዛሬ በዚህ ግቢ አዛዧ እርሷ ናት። አህያዪቱን ብትሰጠው የሚከሳት አልነበረም። እንዳትሰጠው ቁስሉ አለ፤ ባዶ እጁን እንዳትሰድደው ሕፃናቱ አሉ። ሕጉን ጠብቃለች፤ ለእንስሳዪቱ የሚገባትን አድርጋለች። ነገር ግን አህያዪቱ የተገላገለችው ቀንበር በሌላ ትከሻ ላይ ሲወርድ በዓይኗ እያየች ነው፤ ያም ትከሻ ያረጀ ነው።

ከመኖ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣር የሚነቅሉባቸው ዶማዎች ተደግፈው ቆመዋል። አንዱን አነሣች። ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረች፤ ደነዝ ነው፤ መለሰችው። ሌላውን አነሣች።

«አዙሬ!» ብላ ተጣራች። «ተረኛዋ ስትመጣ የፌሊሲታን አጥር እንድታጠብቀው ንገራት። ነገ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ የሚፈልገኝ ካለ ወደ አገራችሁ ሄዳለች በለው።»

«ወደ አገራችን? ምን ልታደርጊ?»

ዶማውን በትከሻዋ ላይ አድርጋ በኋላው በር ወጣች፤ ሽማግሌውንም ከመንገዱ ዳር ካለው የባኦባብ ዛፍ አጠገብ ደረሰችበት። አኮልጎ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ዶማውን፤ ከዚያ መልሶ እርሷን።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሕጉ አህያዪቱ አትረስ ይላል። ስለ እኔ የሚለው የለም።»

«ልጄ፣ አትቀልጂ። ዳጋራ የፍራፍራን መሬት ሲቆፍር ከታየ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? ‹አኮልጎ አህያው ብትሰረቅ ዳጋራ ጠመደ› ይላሉ። ዘፈን ያወጡልሻል። ልጆችሽ ገበያ በወጡ ቁጥር ይዘፈንባቸዋል። ያ ጎረቤቴማ ለሚቀጥለው ውሻው ስምሽን ያወጣለታል።»

«ያውጣለት።»

ከሣር አጥሩ ማዶ አህያዪቱ አንድ ጊዜ አናፋች፤ ሁለቱም ወደዚያ ሳይዞሩ ቆመው አዳመጡ። ፔርፔቱዋ ዶማውን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና መንገዱን ቀድማ ጀመረች።

«በሉ እንግዲህ፣ አባቴ» አለችው፤ «እየሄድን ይስደቡኝ። መንገዱ ሩቅ ነው።»