ያለ ሞተር እስከ ዛሪማ

ልጃቸውን አፈር አልብሰው የተመለሱ እናት እግራችሁ ላይ ወድቀው «ልጄን ይቅር በሉልኝ» ቢሏችሁ፣ እናንተ ምን ትመልሱ ነበር? እስቲ ንገሩኝ!

ላቀው «ኧረ ይነሱ፣ እማ» አለ። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።

የተሰበረ ግራ እጁ በሻሽ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አማቱ እትዬ በለጠች ያንን እጅ ሳሙት።

«አንተንም ይዛህ ልትጠፋ ነበር» አሉ። «ፈሪ ልጅ አላሳደግሁም እል ነበር። እኔን አፈር ይብላኝ!»

ዳባት ላይ፣ በ1973 ዓ.ም. የካቲት፣ የሚስቱ የስንዱ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ነበር። ድንኳኑ ጥግ ሴቶች ንፍሮ እየዘገኑ ይንሾካሾካሉ።

«ሴት ልጅ ዶቅዶቄ ላይ ምን አወጣት?»

«ያውም በሱሪ፣ እንደ ወንድ አንፈራጣ!»

«አስተማሪ አይደለች? አስተማሪን ማን ይመክራል።»

«ቀስ በሉ እናንተ፣ ባሏ ይሰማል።»

ባሏ ይሰማ ነበር። አልቃሿ ደብሪቱም ድምፅዋን ሳትቀንስ አወረደችው፦

«ምነው ስንዱ ምነው ባትደነግጪ፣
ባልሽን ጎትተሽ ለገደል ባትሰጪ።»

ይህ ሁሉ ወሬ የበቀለው ከላቀው አፍ ከወጡ ሁለት ቃላት ነው። ዛሪማ ላይ ደሙን እየጠረጉለት «ምን አገኛችሁ?» ሲሉት፣ «ደንግጣ ጎተተችኝ» አለ። ወሬው ሬሳዋን ቀድሞ ሊማሊሞን ወጣ።

ስንዱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ተከዜን በጠመኔ ስዬ አስተማርሁ። አይቼው ግን አላውቅም። ተማሪዎቼ ፊት አፍራለሁ» ትለው ነበር። ላቀው የከብት ክትባት ሠራተኛ ስለሆነ የመሥሪያ ቤት ዶቅዶቄ አለው። ለግማሽ ዓመቱ እረፍት የይለፍ ወረቀት አወጣ፤ እሷን «የክትባት ረዳት» ብሎ አስጻፋት። ደባርቅ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀቱንም እሷንም አይቶ፣ «ረዳቷ መርፌ መያዝ ትችላለች?» ቢል፣

«አንተን ለመውጋት አላንስም» አለችው። ስቆ ገመዱን ለቀቀላቸው።

ሊማሊሞን ሲወርዱ በየጥምዝምዙ እኩል ከእሱ ጋር ታዘነብላለች። «የማን ልብ ነው እንዲህ የሚደልቀው?» ስትል ከጀርባው ሆና ጮኸች። «የኔ እንዳይመስልህ!» ዓዲ አርቃይ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታቸውን ገረፈው። እነሱ ደገኞቹ ጋቢ ጠቅልለው ነበር የወረዱት፤ ቅጠል በሌለው ዛፍ ሥር ቆመው በራሳቸው ሳቁ። ተከዜ ዳር ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች።

«ስዋሻቸው ኖሬያለሁ!» ብላ ጮኸች። «ሰማያዊ ነው እላቸዋለሁ፣ ይኸው አረንጓዴ!»

ሲመለሱ፣ ከዓዲ አርቃይ ወደ ዛሪማ ቁልቁለቱ እንደጀመረ፣ ላቀው ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ከሞተሩ አላቆ፣ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። «ለሊማሊሞ ዳገት ቤንዚን እንቆጥብ» አላት። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ያኔ እውነቱን ነበር። ቆይቶ ግን ዝምታው ጣመው። ከነፋሱ በቀር ድምፅ የለም። የሚይዛቸው ፍሬኑ ብቻ ነበር፤ ፍጥነታቸው ጨመረ።

«ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ» አለችው።

«እስከ ዛሪማ ያለ ሞተር! ዳባት ገብቼ የማወራው ይኸንን ነው።»

«ላቀው፣ ፍሬኑ ሸተተኝ።»

ሳቀ። የእሷ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም። ጥምዝምዙ ሲመጣ ፍሬኑ እጁ ላይ ላላ። አንገቱን አላነቀችም፤ አልጎተተችውም። እንደ ሁልጊዜዋ ወደ ጥምዝምዙ አዘነበለች። ደንግጦ እንደ ግንድ የተገተረው እሱ ነው። ዶቅዶቄው ቀጥ ብሎ ገደል ገባ።

በሦስተኛው ቀን፣ በሰልስቱ ጠዋት፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ያርጋል የተጨማደደውን ዶቅዶቄ ጭኖ መጣ። ላቀውን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራና መዳፉ ላይ ቁልፍ አኖረለት።

«ከገደሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለው። «ማርሹ ፎሌ ላይ ነው፤ ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሮ ነበር። ማንም ሳያይ ነቀልሁት።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው፣ ወንድሜ? እሷ እንደሆን አትመለስ። አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ወህኒ ምን ይሠራልሃል? ዝም በል፣ እኔም ዝም ብያለሁ።»

ደግነታችን ይኸ ነው! ለቆመው ሲያዝን ለሞተችው የሚመሰክር የታጣበት ደግነት! ላቀውም በዚህ ደግነት ውስጥ ተደብቆ፣ ቁልፏን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

ድንኳኑ ውስጥ ደብሪቱ ያንኑ ግጥም ጀምራዋለች። «ምነው ስንዱ ምነው…» ለቀስተኛው ሊቀበል ሲል አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ቀደመው።

«ባትደነግጪ…» እትዬ በለጠች ነበሩ። ደረታቸውን እየደቁ፣ የገዛ ልጃቸውን በገዛ አፋቸው ይከሷታል።

ላቀው ተነሥቶ ሰው መሀል ገባ። ተንበረከከና ደረታቸውን የሚደቃውን እጅ ያዘ። ቁልፏን መዳፋቸው ላይ አስቀምጦ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈባት። ከዚያ ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረ።

«ያርጋል!»

ንፍሮ የሚዘግነው እጅ ሁሉ ቆመ። ያርጋል አንገቱን ደፋ።

«ይችን ቁልፍ ስትነቅላት ወዴት ዞራ ነበር? እኔን አትየኝ። እናቷን እያየህ፣ ይኸ ሁሉ ሰው እየሰማህ፣ መልስ!»