የሱርጉት ብርድ

"ኧረ ተው! ምን እያደረግህ ነው?"

ሳቦሀት ስልኳን ከስልክ ጠጋኙ ከሻምሲ እጅ ነጠቀች። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

"አጽዳልኝ አላሉኝም እንዴ፣ እትዬ? ሊሸጡት መስሎኝ እኮ ነው ሁሉንም ላጠፋው የነበረው።"

"ልጄ የላከልኝን ስልክ? ማን ይሸጣል?"

"ማን የማይሸጥ አለ! እዚህ ገበያ ካለው ስልክ ግማሹ ልጅ ከሩሲያ የላከው ነው። እናቶች ስመውት ያለቅሳሉ፤ በሳምንቱ ለእኔ አምጥተው ይሸጡና ጣራ ያስጠግናሉ።"

ሳቦሀት አልሳቀችም። ስልኩን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ከስልኩ ጋር አብረው የመጡ ነገሮች አሉ፤ ጨዋታ፣ ሎተሪ፣ ሱቅ፣ የአየር ሁኔታ። ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። እሷ ቤቷ ሆና የሙሽራ ብርድ ልብስ ትሰፋለች። በጮኹ ቁጥር ልጇ ዳለር የደወለ መስሏት መርፌዋን ጥላ ትሮጣለች።

"ትናንት እጄ ሊጥ ነበር። ጠርጌ ስደርስ፣ 'ፍራፍሬ ይሰብስቡ፤ ጓደኞችዎ እየጠበቁ ነው' ይላል። የትኞቹ ጓደኞቼ?"

ሻምሲ ሳቁን ዋጠ። "እነዚህ ከፋብሪካ የገቡ ናቸው፤ እንዲሁ ቢያጠፏቸው እምቢ ይላሉ። አሁን እርስዎ በገዛ ቤትዎ ተከራይ ነዎት። ሩት ሳደርገው፣ ማለትም የስልኩን ሙሉ ሥልጣን ስከፍትልዎ፣ ባለቤት ይሆናሉ፤ ያልፈለጉትን ያስወጣሉ። ግን መጀመሪያ ፋብሪካው የቆለፈው የስልኩ ቁልፍ ሲከፈት ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል።"

"ዳለር የላከልኝ የድምፅ መልእክትም?"

"ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ።" መቁጠር አላስፈለጋትም።

"ቀድሜ ኮምፒውተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ኋላ እመልስልዎታለሁ።"

"ብትረሳስ?"

"አጠገቤ ይቀመጡና ይጠብቁኝ።"

በርጩማ ሰጣት። ገልብጦ ሲጨርስ በትክክል መግባቱን ለማየት የመጨረሻውን ከፈተው። ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሎ ስለነበር ሱቁ በዳለር ድምፅ ተሞላ። *እማዬ፣ ደህና ነሽ? እዚህ ሱርጉት በረዶ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ስለሆንኩ አትደውይልኝ፤ እሁድ እኔው እደውላለሁ።* የቆርቆሮ ማሰሮ የሚሸጠው ጎረቤት ዘወር ብሎ አየ። ሻምሲ ፈጥኖ ድምፁን ቀነሰ። መልእክቱ ከገባ ስድስት እሁድ እንዳለፈ ከቀኑ አይቷል።

ስልኩ ጠቁሮ ቆየ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ተነሣ። ሻምሲ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ብዙ ሠራ። ሳቦሀት እስኪያልቅ አንድም ጊዜ ከበርጩማው አልተነሣችም።

"አሁን እንግዶቹን እናስወጣ። ጨዋታው?"

"ይውጣ።"

"ሎተሪው?"

"ይውጣ። አንድ ቀን እንኳ ደርሶኝ አያውቅም።"

"ሱቁ?"

"እሱማ ለአሮጊት የዋና ልብስ ሊሸጥ የሚፈልግ እብድ ነው። አውጣው!"

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ስልኩ እየቀለለ፣ ገጹ ባዶ እየሆነ ሄደ። ሳቦሀት ባዶውን ገጽ አየችና ሳቋን አቆመች። ከእንግዲህ ስልኩ ከጮኸ ዳለር ነው። ካልጮኸም፣ አልደወለም ማለት ነው።

"የአየር ሁኔታው ቀረ። ይውጣ?"

ሳቦሀት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚጮኸው" አላት ሻምሲ። "ግን የነበረው ስለጠፋ፣ የየትኛውን ከተማ ላሳይ እያለ ነው። የእኛኑ ከተማ ኢስታራቭሻንን ልበለው?"

"የኢስታራቭሻንን በመስኮት አየዋለሁ።" የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። "ሱርጉት በለው።"

ሻምሲ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጻፈው።

"ድምፁንስ ልዝጋው?"

"አትዝጋው።"

አሥራ አንዱን መልእክት መለሰላት። እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አረጋገጠችና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ አንዴ ጮኸ። ሱርጉት ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር። ሳቦሀት አነበበችው፤ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚያ ቀን ሌላ ድምፅ አልነበረም። ለሙሽራዋ ብርድ ልብስ፣ ከተነገራት በላይ አንድ እፍኝ ጥጥ ጨመረችበት።