የመለማመጃው ፊት

«ኧረ እባክሽ ተቀመጪ!» አክስቷ የሻይ ትሪውን ከእጇ ቀማቻት። «ሐዘንተኛ ነሽ ወይስ አስተናጋጅ?»

ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ሳይሞቅ ግን ተነሳች። መጋረጃውን አስተካከለች፣ በሩ ላይ የተደራረበውን ጫማ ገለል አደረገች፣ የሚነሳ ባዶ ብርጭቆ ፈልጋ አጣች። ታናሽ ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ እጆቿ አልታዘዝ ብለዋታል። በለቅሶ ቤት መርፌ መያዝ ነውር ነው። ዝም ብላ ስትቀመጥ ደግሞ ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ እየመዘዙ ክሩን ሊጨርሱት ነው።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ሹክሹክታው ሁሉ ስለ ሟቹ ነው። ሰፈሩ «አሳማሪው» ይለው ነበር። ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሰው ፎቶ ሲያሳምር ነው የኖረው።

«ባሌ በሰርጋችን ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር» አለች አንዲት ጎረቤት። «እሱ ነው የገለጠለት።»

«የኔን ጠባሳ ያጠፋልኝስ?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ታክሲ ነጂ ግንባሩን እየነካ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ጠባሳው እዚያው ነበር።

«ፎቶው ላይ ማለቴ ነው» አለ አፍሮ። ሳቅ ከመሀል ሾልኮ ወጣና ወዲያው ታፈነ።

እናትየው አልሳቁም። «ነገ ዘመድ ሁሉ ይመጣል» አሉ ድንገት። «ልጄ ደግሞ ግድግዳው ላይ የለም።»

የሰፈሩን ፎቶ ሁሉ ሲሠራ የኖረ ሰው የራሱ የሚባል ፎቶ አልነበረውም። ማን ያንሳው? ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው። መታወቂያው ላይ ያለውንም ፊት ማኅተሙ ግማሹን በልቶታል።

«አንድ አለ» አለች ሰፊዋ። «ግን ታሞ የተነሳው ነው።»

«እሱን አሳምሪዋ! እኔን አሳምሮኝ የለ?» እናቷ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። እዚያ በተሰቀለው ፎቶ ላይ አንድም መጨማደድ የሌለባቸው ወጣት እናት ይስቃሉ። ልጃቸው ሠርቶ ያሳያቸው ቀን «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «እኔ ነኝ» እያሉ ሲያሳዩ ኖሩ። «እኔን ያሳመረውን ልጅ ማን ያሳምርልኝ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ገና ጀማሪ ነኝ። ለሌላ ፎቶ ቤት እንስጠው።»

«ያስተማረው አንቺን ነው። ባዳ ፊቱን አይነካብኝም።»

ሰፊዋ ተነሳች። ቢያስፈራትም፣ ለመነሳት ምክንያት በማግኘቷ ደስ አላት።

ሱቋ እንደተዘጋች ናት። ኮምፒውተሩን ከፈተችና ፎቶውን ፈለገች። ስሙን «መለማመጃ» ብሎታል።

በሽታው የጠናበት ሰሞን ነበር የጠራት። «እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ። ይቺን ሱቅ ካንቺ ሌላ የሚይዛት የለም።»

«እኔ? ማውዝ እንኳ በቅጡ መያዝ የማልችለው?»

«መርፌ የያዘ እጅ ማውዝ አያቅተውም። ይኸው፣ ስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ረድፍ እዪ። እሱን ካወቅሽ አትጠፊም። ፋይል መደርደሪያሽ ነው፤ ጨርቁን ታወጪበታለሽ፣ የጨረስሽውን ታስቀምጪበታለሽ። ኤዲት መቀስና መርፌሽ ነው። ኢሜጅ ልኬቱና ቀለሙ። ሌየር...»

«ሌየር ደግሞ ምንድነው?»

«ገበር ነዋ! አንዱን ባንዱ ላይ ትደርቢያለሽ። የላዩን ብትቆራርጪው የታችኛው አይነካም።»

«ፊልተርስ?»

«እሱ ጥልፍ ነው። ለጊዜው አትንኪው። ጀማሪ ጥልፍ ሲወድ፣ ቀሚሱ መጋረጃ ይመስላል።»

«ባበላሽስ?»

«ትተረትሪያለሻ! ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ ዜድን ምቺ። አንድ ስፌት ወደ ኋላ። ደግመሽ ምቺ፣ ሌላ ስፌት።»

ከዚያ ካሜራውን ራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅቶ ነጩ ግድግዳ ፊት ተቀመጠ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ የሹራቡ አንገት ሰፍቶበታል፤ አፉ ግን ቀልድ የያዘ አፍ ነበር። «በኔ ፊት ተለማመጂ። ደንበኛ ከምታበላሺ እኔን አበላሺኝ።»

እሷ እጇ አልሄድ አላት። «ነገ እንቀጥላለን» ብለው ተለያዩ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ ትምህርቱም እዚያው ቆመ።

አሁን ፋይልን ነካች፣ ፎቶውን አወጣች። «ኮቶች» የሚል ማኅደር ስትከፍት የዚያ ጥቁር ኮት ምስል ብቅ አለ። መታወቂያ የሚያስፈልገው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የለበሰው እሱን አንድ ኮት ነው። ቀዳችና በሌየር ወንድሟ ላይ ደረበችው። ትከሻው ተንጋደደ፤ ልብስ ሰፊ ናትና አላስችል ብሏት ግራ ቀኝ ብትስበውም የማንም ልክ አይደለም። ወደ ኢሜጅ ሄዳ ፊቱን ብታፈካው እንደ ሊጥ ነጣ። በመጨረሻ ፊልተር ውስጥ ገባች። አንድ መስኮት ተከፈተ፣ አንዲት ክብ ነገር መጣች። ጉንጩ ላይ አድርጋ ስትጫን ጉንጩ ሞላ።

ሌላውንም ጉንጭ ሞላችው። በለጠ። የመጀመሪያውን ጨመረችበት፤ አሁን ደግሞ እሱ በለጠ። የሱሪ እግር እንደማስተካከል ሆነባት። ግራው ሲስተካከል ቀኙ ይረዝማል። ደከማትና እሺ የሚለውን ተጫነች።

«ጨረስሽ?» እናቷ ከኋላዋ ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰፊዋ ደነገጠች።

«ጥርሱን ተነቅሎ የመጣ አስመሰልሽው እኮ!»

እየሳቁ ነበር። ሰፊዋም አመለጣት። ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሳሎን እንዳይሰማ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ሳቁ። አክስቲቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ምን ሆናችሁ? ውሃ ላምጣ?» ስትል ባሰባቸው። ሳቁ ሲያልቅ እናትየው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ሰፊዋ ኮንትሮልን ይዛ ዜድን መታች። ጉንጩ ጎደለ። መታች። ሊጡ ጠፋ፣ ቆዳው ተመለሰ። ስትደግመው ትከሻው ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ኮቱ ወለቀና ሹራቡ ብቅ አለ።

«ቆይ» አሉ እናቷ። «እንዳትነኪው።»

«ከስቷል እኮ እማዬ።»

«ከስቷል። ሾርባ ሳጠጣው አልውጥ ያለኝ በዚህ አፉ ነው። ያስታመምኩት ይሄን ፊት ነው።»

«ዘመድ ምን ይላል?»

«ታሞ ሞተ ይበላ!»

ሰፊዋ ጣቷን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

እናትየው ወንበራቸውን አስጠግተው ስክሪኑን ከቅርብ አዩት። መስታወቱ ላይ፣ ልክ ከልጃቸው አፍ ጥግ፣ የደረቀች ነጠብጣብ ነበረች። አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አርጥበው፣ አገጩን እንደያዘ ሰው ሌላ እጃቸውን ከስክሪኑ ሥር ደግፈው፣ ነጠብጣቧን ቀስ አድርገው ጠረጉለት።