የቤታችን ዳማ ስንት መልክ አለው

ሰው «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ዳማ ትቆጥራለች» እላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ እንግዲህ፣ ጥርስ የእነሱ ነው። ልጄ የኮምፒውተር ሊቅ ናት፤ በዳማ ገበታ ላይ ጠጠሮቹ ሕጉን ሳይጥሱ ስንት ዓይነት አቀማመጥ ሊይዙ እንደሚችሉ ነው የምትቆጥረው። ቁጥሩን አንዴ አንብባልኝ፣ ገና ሳትጨርስ ሽንኩርቴ አረረ።

ታዲያ የስንት ዓመት ድካሟን በጉባኤ ልታቀርብ ስትል ጉድ ፈላ። ባልደረባዋ ለማመሳከር ብሎ ለብቻው ቆጥሮ ኖሮ፣ የእሱ ቁጥር ከእሷ በለጠ። አለቃቸውም ምክንያቱ እስከ ሰኞ ካልታወቀ የእሱን ብቻ ነው የማቀርበው አላት። ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ እህል አልቀምስም አለች። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አይታዋለች፤ እንከን አጣችለት።

ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ማጽናናት አይችልበትም። ነይ እስቲ አንድ ጨዋታ ብሎ፣ ራሱ ጠርቦ የሠራውን ዳማ ዘረጋላት። ልቧ የት እንዳለ እንጃ፣ ጠጠሯን ወደ መጨረሻው መስመር ገፍታ ልታነግሥ ስትል እጇን ያዛት። ገና ምን ተበልቶብሽ ነው፣ በምን ልትደርቢው ነው አላት። በእኛ ቤት ጠጠር የሚነግሠው የተበላ ወንድሙ ሲደረብበት ነው። ያልተበላበት ሰው ያንን መስመር አይረግጥም። ሽማግሌው ባሌ ትርፍ ጠጠር መጥረብ ሰንፎ ያወጣው ሕግ ነው፤ እኔን አይሸውደኝም።

ልጄ ጠጠሯን ወደ ቦታው መልሳ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይሄ የሁሉም ሰው ሕግ አይደለም እንዴ?» አለች።

ሌላውን ሕግ ሁሉ ከመጽሐፍ ለቅማለች። ይችን ግን ማን ይጠራጠራል፣ ከጡት ጋር የጠባቻት ናት። ፕሮግራሙ ውስጥ የከተተቻት ሳይታወቃት ነው፤ ቁጥሯም ያነሰው ለዚህ ኖሯል። ሽማግሌው ልጄን አዋረድኳት ብሎ ጉባኤው ላይ አልገኝም አለ። እየጎተትኩ ወሰድኩት።

መድረክ ላይ ወጥታ ነገር ሳታድበሰብስ፣ የባልደረባዬ ቁጥር ትክክል ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለች። ሰው ሲሳሳት ሰበብ ሲቆፍር ነው የማውቀው። እሷ ግን ያቺን አንዲት ሕግ ከፕሮግራሙ ስትሰርዝ ቁጥሯ ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ እንደገጠመ አሳየች። ሁለት ሰው ለየብቻው ቆጥሮ አንድ ቦታ ደረሰ ማለት ነው። ቀድሞ ያጨበጨበው አለቃዋ ነው። ኮራሁ፤ ምን ልደብቅ፣ ኮራሁ።

ጭብጨባው ሲበርድ እንዲህ አለች፦ «የመጀመሪያው ቁጥርም ቢሆን አይጣልም። የሌላ ጨዋታ ቁጥር ነው። ጨዋታውን የፈጠረው አባቴ ነው፣ ያውና እዚያ ተቀምጧል።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። ሽማግሌው አፍሮ ሊወጣ ነው ብዬ ኮቱን ልይዝ ስል፣ ለካ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔስ ከማን አንሼ፣ አብሬው ቆምኩ።

«እናቷ ነኝ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።