የግራ ጆሮ

አደባባዩ ላይ በፈረስ ተቀምጦ የነበረው ጀግና ፊቱ የልጄ ፊት ነበር። ይህን ስናገር አበደች ይሉኛል፤ ይበሉ! ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሐውልት ሠሪ ነበር። የጀግናውን ሐውልት ቅረጽ ሲሉት፣ ሰውዬው ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ መልኩን የሚያውቅ የለ፣ ምስሉ አልተረፈ። ልጃችንን ደግሞ ወንዝ ከወሰደው ገና ዓመት አልሞላም። ታዲያ የማንን ፊት ይቅረጽ? በልጅነቱ ውሻ የቦጨቀውን የግራ ጆሮውን ጫፍ እንኳ አልተወም።

በኋላ ቤታችን ሲቃጠል የልጄ ፎቶ ሁሉ አመድ ሆነ። ያን ቀን "ግድ የለም፣ ሐውልቱ አለልኝ" ብዬ ተጽናናሁ። ሞኝ!

መንግሥት ሲለወጥ ጀግናውም ተለወጠ። የአሁኖቹ ሹማምንት ደግሞ ቆጣቢ ናቸው አሉ፤ "ፈረሱና ገላው ይቆይ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይቀየር" ብለው አዘዙ። ሥራውን ለማን ቢሰጡት ጥሩ ነው? ለባሌ ታናሽ ወንድም፣ ለበያጁ! ከእኔ ሌላ ያ ፊት የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ጭንቅላቱን ስጠኝ" አልኩት።

"አይሆንም እትዬ። አዲሱን የምሠራው ያንኑ ነሐስ አቅልጬ ነው። ሌላ አልሰጡኝም።"

"የወንድምህን ልጅ ልታቀልጠው?"

"እኔ እምቢ ብል ሌላው ያቀልጠዋል።"

"እጅህን ይቁረጠው!" ብዬው ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

አዲሱ ጀግና ሲመረቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የሄድኩት ልረግመው ነው። ድብልብል ጉንጭ፣ የተንዠረገገ ጢም፤ ከልጄ ጋር ምን አገናኘው! በያጁ ከሰው መሀል መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ ዓይኔን ማየት ፈርቷል።

"በግራ በኩል ይዙሩ" አለኝ።

ዞርኩ። ያ የተቦጨቀ ጆሮ አዲሱ ጭንቅላት ላይ ተበይዷል።

"ከእሱ በላይ ማትረፍ አልቻልኩም" አለና አንገቱን ደፋ።

ልጄ የሞተ ዕለት "ወንዙ ሞልቷል፣ አትሂድ" ብዬ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነው የወጣው። አሁን በየማለዳው ከዚያ ጆሮ ሥር እቆማለሁ። "አትሂድ ልጄ" እለዋለሁ።