በቀን የተነፋ ጥሩምባ

ሐኪሙ መጀመሪያ ጨው ከለከለ፤ እሺ አልን። ቅባት ከለከለ፤ እሺ። አረቄ ከለከለ፤ ደበሳ ድሮም አይጠጣም። በመጨረሻ ብዕሩን አስቀመጠና «ጋሼ ደበሳ፣ ኳስም ይቅርብዎት» ሲል የባሌ ፊት ጠቆረ።

«ኳስ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ሚያዝያ ላይ የወደቁት ኳስ ሲያዩ አይደል? ልብዎ ሁለተኛ ድንጋጤ አይችልም። እንዲያውቁት ብዬ ነው በግልጽ የምነግርዎት።»

እኔ ተስፋነሽ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፌን አጣሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። በወጣትነቱ የኢሉባቦር ቡድን በረኛ ነበር። ኳስ የሚያየው ቆሞ ነው። ይጮሃል፣ ዳኛውን ይሰድባል፣ ጎል ሲገባ ወንበር ይገለብጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ኳስ አትይ ማለት አትተንፍስ ማለት ነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሞት ይሻላል እንዴ?

ዓመቱ ደግሞ ሁለት ሺህ ሁለት ነው። የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ የመጣበት ዓመት! ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ከተማችን መቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እኔም ቴሌቪዥናችንን በአንሶላ ጠቅልዬ ኡካ ከተማ ላለችው እህቴ ላክሁት። ደበሳ ባዶውን ጠረጴዛ አየና ሳቀ።

«ተስፌ፣ ቴሌቪዥኑ ምን በደለሽ?»

«እሱማ ምን በደለኝ። በዳዬ አንተ ነህ።»

ከዚያ ድርድር ጀመረ። የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ልይ አለ፤ እምቢ አልኩ። ድምፁን ዘግቼስ? እምቢ። የማልደግፋቸውን ቡድኖች ብቻ ልይ ሲል ሳቄ መጣ፤ ግን እምቢ። እሱ ሲተኛ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ልቡን አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ያቆመች ይመስለኝና እቀሰቅሰዋለሁ። «ምነው?» ይለኛል። «ምንም፣ ተኛ» እለዋለሁ። ሰዎች «ምነው ከሳሽ?» ሲሉኝ ጨጓራዬ ነው እል ነበር። ፍርሃት ነው ያከሳኝ።

ሰኔ ስድስት፣ እሁድ፣ ጋና የምትጫወትበት ቀን፣ ልጃችን ቢሊሴ ከዚሁ ከኢሉባቦር ቡሬ መጥታ ነበር። እዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ያለችን አንድ ልጅም እሷው ናት። ምሳ በልታ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድ ስለዋለ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እደሪ አልናት፣ ነገ ተረኛ ነኝ አለች። ደበሳም ጃንጥላውን አነሳና መናኸሪያ ድረስ ልሸኛት ብሎ አብሯት ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልተመለሰም። አሥር ሆነ። ስልኩን አልጋ ላይ ጥሎት ሄዷል፤ አውቆ ነው! የት እንዳለ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ነጋዴው አባስ ከሱቁ ጀርባ ባለው አዳራሽ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ ጄኔሬተር ሳይቀር አዘጋጅቶ፣ ሰፈሩን በሙሉ እዚያ ሰብስቧል። ጨዋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል።

ልሄድ ብዬ ጫማዬን አደረግሁ። መልሼ አወለቅሁ። ሄጄ ሰው ፊት ብጮህበት ይናደዳል፤ ንዴትም ተከልክሏል። ዝም ብዬ ብቀመጥ ጎል ይገባል። ወይ ጣጣዬ! የትኛው ነው የሚገድለው? በሩ ላይ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩና «ያ ረቢ፣ የዛሬን ብቻ አሳልፍልኝ» አልኩ። ከአባስ ቤት በኩል ሁካታ በተሰማ ቁጥር የሚመጣ ሰው አለ ብዬ መንገዱን አያለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሊጨልም ሲል ሁካታው ድንገት ቀጥ አለ። ጭጭ። ምነው ዝም አሉ ብዬ ብድግ ስል አንድ ላይ እሪታ ተነሳ፤ ከእሪታው መሃል ጥሩምባ ተነፋ።

ረጅም፣ ሸካራ ድምፅ። አንዴ። ደግሞ ሌላ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አቶ ዲንቃ ሰው ሲሞት የሚለፍፈው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎህ ሳይጠብቅ ከነፋ ድንገተኛ ሞት ነው፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ድምፁ ደግሞ የመጣው ከአባስ ቤት ነው።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ «ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ መንገድ ላይ ወጣሁ። በእኛ ሰፈር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታለቅስ ሴት ካዩ «ማን ሞተ?» ብሎ የሚያቆማት የለም። መጀመሪያ አብረዋት ያለቅሳሉ፤ የሟቹን ስም ለቅሶው ቤት ሲደርሱ ይሰሙታል። ጎረቤቴ ኡርጌ ሊጥ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ተከተለችኝ። ሌሎችም ከየበሩ እየወጡ ተቀላቀሉ። አባስ ሱቅ ስንደርስ ከኋላዬ ስድስት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ነበር።

በረንዳው ላይ ወጣቶች ይጨፍራሉ። አንዱ ረጅም ቢጫ ፕላስቲክ አፉ ላይ ደግኖ ይነፋል። ያው ድምፅ! አባስ ለዓለም ዋንጫው ብሎ ከመርካቶ ያስመጣው ቩቩዜላ የሚሉት ጉድ ነው። ጋና በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ሰው እርስ በርሱ ይሳሳማል።

ደበሳም አለ። በሕይወት አለ! በረንዳው ጥግ አግዳሚ ላይ፣ ለአዳራሹ በር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይስቃል። አባስ በኋላ እንደነገረኝ አንዲት ኳስ አላየም። «ተስፋነሽ ትፈራለች፤ እናንተ እዩና ውጤቱን ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ» ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ያን ጊዜ ይህን አላወቅሁም። ያየሁት መኖሩን ብቻ ነው። «አለህ!» ልለው ስል ደስታው አነቀኝ፤ ቃል አልወጣ አለኝ። እንባዬን እያፈሰስኩ እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ።

እሱ ግን ያየው ሌላ ነው። የተዘቀዘቀ ነጠላዬን አየ። ደረት የሚመቱ ሴቶች አየ። ከሰዓት በኋላ የሸኛት ልጁ በዚያ ጭቃ መንገድ ሄዳለች። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት፤ እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አያሳየኝ።

«ቢሊሴ ማል ታቴ?» አለኝ። ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። ልጄ ምን ሆነች ማለቱ ነው።

ምንም አልሆነችም ማለት ነበረብኝ። ደህና ናት ማለት! እኔ ግን እንደ ጅል ቆሜ አለቀስኩ። ተነሳ፣ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመደ፣ ከዚያ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በግንባሩ ወደቀ።

ሆስፒታል የተቀበለን ያው ሐኪም ነበር። ደበሳ ኦክስጅን ተደርጎለት ዓይኑን ሲገልጥ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ነግሬዎት አልነበረም?» አለው። «ኳስ አይተው ነው፣ አይደል?»

ደበሳ ወደ እኔ ዞረ። ቢሊሴ ደህና መሆኗን መኪና ላይ እያለን ደጋግሜ በጆሮው ነግሬዋለሁ፤ ጥሩምባውንም ነግሬዋለሁ። ትክ ብሎ አየኝ።

«አዎ ዶክተር» አለ። «እስከ መጨረሻው አየሁ።»

ሐኪሙ ተቆጣው።

በማግስቱ ቢሊሴ ከቡሬ ደረሰች። «አባዬ፣ ለኳስ ብለህ? ከእኛ ኳስ በለጠብህ?» እያለች እጁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አጥፍቻለሁ ልጄ» አላት። ይኼኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ደበሳ በብርድ ልብሱ ሥር እጄን ጨበጥ አደረገኝ። አቅም አልነበረውም፤ ግን ገባኝ። ዝም አልኩ።

ረቡዕ ማለዳ አረፈ።

አባስ ያውቃል። ስድስቱ ሴቶችም ያውቃሉ። እስከ ዛሬ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ እኔ ግን ኡርጌ ቢሊሴን ጠጋ ብላ ባወራቻት ቁጥር ውሃ እሆናለሁ። ቢሊሴ አሁን የልጆች እናት ናት። ቤቷ ውስጥ ኳስ አይከፈትም። የዓለም ዋንጫ መጥቶ ልጆቿ ሲለምኗት «አያታችሁን የገደለው እሱ ነው» ትላቸዋለች። ባለፈው ጊዜ ትንሿ ኢብሴ አላመነችም መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው አያቴ?» አለችኝ።

ቢሊሴ ከልጇ ኋላ ቆማ ታየኛለች።

«እውነት ነው» አልኳት።