ኮቱን ልጨርስና

ቴአትር ልማር ብላ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ቀልደኛ ልትሆኚ ነው?» እያለ ሲስቅባት ከጎኗ የቆመው አባቷ ብቻ ነበር። አናጢ ነው፤ ሙያ እንደማይናቅ ያውቃል። «የኔ ልጅ የምትማረው ሰው ለመርዳት ነው» እያለ ደረቱን ነፍቶ ያወራላት ነበር። እውነቱን ነው፣ የእሷ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን በየሰፈሩ እየላከ የሰዉን ችግር በቴአትር የሚያሠራ ነው። አንድ ዘዴም አላቸው፦ ተመልካች ያልተዋጠለት ነገር ሲያይ «ቁም!» ይልና መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የተዋናዩን ቦታ ይዞ፣ እሱ ቢሆን የሚያደርገውን ያደርጋል።

የመመረቂያ ሥራዋን በገዛ ሰፈሯ አዳራሽ እንድታሳይ ተነገራት። ምን ትጻፍ? ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት ስታበላሽ ከረመችና መጨረሻ ላይ እጇ የጻፈው የእህቷን ነገር ሆነ። ታናሽ እህቷ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በስምንት ዓመቷ፣ ሆዴን አመመኝ ብላ ከአዳራሹ ጎን ወዳለው የአባቷ ሥራ ቦታ ሄደች። አባት የደንበኛ መስኮት ይዞ ነበር፤ «ይቺን ልጨርስና እንሄዳለን» አላት። ጨርሶ ጤና ጣቢያ ሲወስዳት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ከቀብሯ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟን ደፍሮ የጠራ የለም።

እሷም አናጢውን ልብስ ሰፊ፣ መስኮቱን ኮት አደረገችውና ማንም አያውቅብኝም አለች። አይ የተማረ ሰው! አባቷን አትምጣ ማለት ደግሞ አቃታት። ምን ብላ?

መጣ። ተላጭቶ፣ የክት ጃኬቱን ለብሶ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ላለው ሁሉ «የኔ ልጅ ናት» ይላል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አየችው። መሰረዝ ትችል ነበር፤ ግን መምህሯ ነጥብ መስጫውን ይዞ ተቀምጧል፣ አዳራሹም ጢም ብሏል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እንዲያይላትም ፈልጋ ነበር።

ተጀመረ። ድንቢጥ የሚሏት ቀጫጫ የክፍሏ ልጅ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ቀና እንኳን ሳይል «ኮቱን ልጨርስና እንሄዳለን» አላት።

«ቁም!»

አባቷ ነበር። ቀስ ብሎ መድረኩ ላይ ወጣ። ኮቱን ከተዋናዩ እጅ ተቀብሎ መሬት ላይ ወረወረው። ድንቢጥ ፊት በርከክ አለና ጀርባውን ሰጣት። «ነይ እናቴ፣ ላዝልሽ» አላት። እንዳዘላት በሰዉ መሀል አልፎ በበሩ ወጣ። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ መምህሩ ሳይቀር። ነገሩ የገባት እሷ ብቻ ናት። ሮጣ ወጣች።

አባቷ አልቆመም። ድንቢጥ «አባባ፣ አልቋል እኮ፣ ያውርዱኝ» ትለዋለች፤ እሱ ጭራሽ እርምጃውን ያፈጥናል። ልጁ ሮጣ የደረሰችበት የጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። ዘበኛው ደንግጦ «ማናት የታመመችው?» ይላል። አባቷ ድንቢጥን በቀስታ አወረዳትና ላቡን ሳይጠርግ ሰዓቱን አየ።

«ዘጠኝ ደቂቃ» አለ።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ...»

«ያን ቀን ስሮጥ መንገዱ አላልቅ ብሎኝ ነበር። ሰዉም ቀኗ ነው፣ ብትፈጥንም አትደርስም ነበር ሲለኝ አመንኩ። እሱን ይዤ ነው እኮ ስተኛ የኖርኩት፣ ልጄ።» ድምፁ ተቆራረጠ። «ዘጠኝ ደቂቃ ነው ለካ።»

እጁን ይዛ እዚያው መንገድ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ለዚያ ሥራ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠውን ነጥብ ያገኘችው እሷ ናት። አባቷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ተኝቶ አያድርም፤ የነገረቻት እናቷ ናት።